ከሸማኔ ወፍ እስከ መድረክ፦ የወፎች መጠናናት እንዴት ኮሜዲ ይሆናል?

ላባ ለብሶ መድረክ ላይ ክንፍ ማራገብ ሰው ያስቃል። ግን ለሁለት ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ተመልካቹ ስልኩን ያወጣል። ከወፎች መጠናናት የተነሣ የኮሜዲ ትርኢት ሰውን ይዞ እንዲያመሽ ከተፈለገ፣ ከላባው ጀርባ ያለውን ነገር ማወቅ ግድ ይላል።

በውጭ አገር ካባሬ በሚባሉ ትንንሽ መድረኮች ላይ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠሩ አርቲስቶች አሉ። ሀዋሳ ያለነው ደግሞ ጥሬ ዕቃው ደጃችን ላይ ነው። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ስንሄድ አባ ኮዳ የምንለው ራሰ በራ ትልቅ ወፍ እግራችን ሥር ይንጎራደዳል። ፍቅር ሐይቅ ዳር ስንቀመጥ ከራሳችን በላይ ወፍ ይንጫጫል። የሚጎድለን አሠራሩን መረዳት ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል። በብዙ ወፎች መጠናናት ውስጥ ዋናዋ ባለጉዳይ ቁጭ ብላ የምታየዋ ናት። የሚዘለውና የሚጮኸው ወንድ ዕጣው በእሷ እጅ ነው። ካልወደደች ትበራለች፤ በቃ። የኮሜዲ መድረክም እንደዚሁ ነው። ተመልካቹ ካልሳቀ አለቀ። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ትርኢት ውስጥ ሳቁን የሚያመጣው እየተገመገሙ የመጨፈር ጭንቀት ነው። ይህን የያዘ ተዋናይ ላባም አያስፈልገው።

ስለ ካባሬ ትንሽ። ካባሬ በትልቅ ቲያትር አዳራሽ ከሚታየው ይለያል። ክፍሉ ጠባብ ነው። ሰው በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ፣ እየጠጣ እየተጫወተ ያያል። አጫጭር ሥራዎች ይፈራረቃሉ፦ ዘፈን፣ ጭፈራ፣ ቀልድ፣ ጭውውት። አንድ መድረክ መሪ ሁሉንም ያያይዛል፤ ተመልካቹን በቀጥታ ያናግራል፣ ይነካካል። ብዙ ጊዜ መነሻው ተደርጎ የሚጠቀሰው በ1881 ሮዶልፍ ሳሊ ፓሪስ ሞንማርትር ሰፈር የከፈተው «ሻ ኑዋር» የተባለ ቤት ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1901 በርሊንም የራሷን ከፈተች። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ መልኩን እየቀያየረ ኖሯል።

ይህን ስታነቡ አዝማሪ ቤት ትዝ ካላችሁ ልክ ናችሁ። ጠባብ ክፍል፣ ማሲንቆ፣ ቅርብ ለቅርብ የተቀመጠ ሰው። አዝማሪው የገባውን እንግዳ ከላይ እስከ ታች ያየዋል። ኮፍያውን፣ ጫማውን፣ አብራው የመጣችውን ልጅ አይቶ እዚያው ግጥም ያወጣለታል። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጥ ያንኑ በዜማ ይመልሳል። ካባሬ የሚፈልገው ሙያ እኛ ቤት ከድሮ ጀምሮ አለ። የወፎቹን ታሪክ በዚህ መንገድ መጫወት እንግዳ ነገር አይሆንብንም።

አሁን ወደ ወፎቹ። ለምንድን ነው ወንዱ እንዲህ የሚለፋው?

መልሱ ከእንቁላል ይጀምራል። ለሴቷ እንቁላል ውድ ነው። ከሰውነቷ ብዙ ምግብና ካልሲየም ይወስዳል። በአንድ ወቅት የምትጥለው ቁጥሩ ጥቂት ነው። የተሳሳተ አባት ከመረጠች ያ ወቅት ባከነ ማለት ነው። ለወንዱ ግን ዘር መስጠት ብዙም አያስወጣውም። ስለዚህ በብዙ ዝርያዎች ሴቷ መራጭ፣ ወንዱ ለማኝ ይሆናል። ሮበርት ትሪቨርስ የተባለ ተመራማሪ በ1972 ነገሩን በአንድ መርህ አስቀምጦታል፦ ለልጅ የበለጠ የሚያወጣው ወገን ይመርጣል፣ ያነሰ የሚያወጣው ይፎካከራል። ይህን መርህ ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ጃካና ስለምትባል የውሃ ዳር ወፍ ስናወራ ይጠቅመናል።

ቻርለስ ዳርዊን በጣዎስ ጭራ ተቸግሮ ነበር። ረጅም ጭራ ለመሸሽ አይመችም፣ ለአዳኝ ያጋልጣል። ታዲያ ተፈጥሮ ደካማውን እያጠፋች ጠንካራውን የምታስቀር ከሆነ ይህ ጭራ እንዴት ተረፈ? በ1871 ባሳተመው መጽሐፍ ሰፊ መልስ ሰጠ። ጭራው የተረፈው ሴቶቹ ስለሚመርጡት ነው አለ። በዘመኑ ብዙ ሳይንቲስቶች አልተቀበሉትም። ሴት ወፍ አይታ፣ አወዳድራ ትመርጣለች መባሉ አልተዋጠላቸውም። የሚያሳምን ሙከራ እስኪመጣ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ።

ሙከራውን ያደረገው ስዊድናዊው ማልቴ አንደርሶን ነው፤ ቦታው ጎረቤታችን ኬንያ። እዚያ ደጋ ሣር ላይ የሚኖር አንድ ጥቁር ወፍ አለ። የወንዱ ጭራ ግማሽ ሜትር ያህል ይረዝማል። ወፉ ራሱ ግን ትንሽ ነው። አንደርሶን 36 ወንዶችን ያዘ። የአንዳንዶቹን ጭራ ቆርጦ አሳጠረ። የቆረጠውን በሌሎቹ ጭራ ላይ በሙጫ ለጥፎ አስረዘመ። የቀሩትን ገሚሶቹን ቆርጦ መልሶ እዚያው ለጠፈ፣ ገሚሶቹን ሳይነካ ተወ። ከዚያ በየወንዱ ክልል ስንት ሴት ጎጆ እንደሠራች ቆጠረ። ጭራቸው የተቀጠለላቸው አሸነፉ። ጭራቸው ያጠረባቸው ክልላቸውን ግን አልተነጠቁም። በወንዶች መካከል ያለው ፉክክር አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሴቶቹ ምርጫ ነው። ጥናቱ በ1982 ወጣ። የዚህ ወፍ ዘመዶች በእኛም አገር ዝናብ ሲገባ ቀይና ጥቁር ለብሰው ማሳ ውስጥ ሲነፋፉ ይታያሉ።

ለመድረክ ይህ ሙከራ ብቻውን አንድ ሙሉ ጭውውት ነው። ጭራ አስቀጣዩ፣ ጭራ የተቆረጠበት፣ ሙጫ የያዘው ፈረንጅ፣ ምንም ሳይመስላት የምታልፈው ሴት።

እሺ፣ ሴቷ ለምን ረጅሙን ትወዳለች? እዚህ ላይ ሳይንቲስቶች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አንዱ ወገን የእስራኤሉን የአሞጽ ዛሃቪን ሐሳብ ይዟል። ዛሃቪ በ1975 ያለው ይህን ነው፦ ጌጡ ውድ ስለሆነ ነው የሚታመነው። ይህን ሁሉ ሸክም ተሸክሞ በሕይወት ያለ ወንድ በእርግጥም ጤነኛና ብርቱ መሆን አለበት። የታመመ ወፍ እንዲህ ያለ ጭራ ማብቀል አይችልም። ሌላው ወገን የእንግሊዛዊውን የሮናልድ ፊሸርን ሐሳብ ይዟል። ረጅም ጭራ የምትወድ እናት ጭራ ረጅም ወንድ ልጅና ረጅም ጭራ የምትወድ ሴት ልጅ ትወልዳለች፤ ምርጫውና ጌጡ እየተገፋፉ ትውልድ በትውልድ ያድጋሉ። ሁለቱም የየራሳቸው ቦታ ያላቸው ይመስለኛል። ለኮሜዲ ግን የዛሃቪ ይሻላል። መድረክ ላይ የሚታይ ሸክም ያስቃል።

አሁን ወደ ራሳችን ዛፍ እንምጣ። በእኔ እምነት የትርኢቱ ልብ ሸማኔ ወፍ ነው።

ዝናብ ሲገባ ሐይቁ ዳር ያሉት ዛፎች ላይ ቢጫ ወንዶች ይሰፍራሉ። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ይሰቀላል። ረጅም የሣር ቅጠል በምንቃሩ ይሰነጥቃል፤ ያመጣዋል። በእግሩ ረግጦ በምንቃሩ ይቋጥራል። መጀመሪያ ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱ ላይ ቆሞ ጓዳውን ወደ አንድ ወገን፣ መግቢያውን ወደ ሌላው ይሸምናል። ወጣቶቹ ሥራ አይችሉም፤ የሚሠሩት ዝርክርክ ነው፤ ይፈርስባቸዋል፤ እየሠሩ ነው የሚለምዱት።

ጎጆው ሲያልቅ ትርኢቱ ይጀምራል። ሴት ስታልፍ ወንዱ መግቢያው ላይ ቁልቁል ይንጠለጠላል። ክንፉን ያርገበግባል፤ የውስጡ ቢጫ ብልጭ ብልጭ ይላል። ይጮኻል። ጎረቤቱም ይጮኻል። የጎረቤቱ ጎረቤትም። ዛፉ በሙሉ ይናወጣል። እሷ ትገባለች። ውስጥ ሆና ሣሩን በምንቃሯ ትስባለች፤ ይዟል ወይስ ላልቷል ብላ ታያለች። ከወደደችው ለስላሳ ሣርና ላባ አምጥታ ውስጡን ታነጥፋለች። ካልወደደችው ወጥታ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው የሚገርመኝ። አረንጓዴ ሣር በጥቂት ቀናት ውስጥ ደርቆ ቡኒ ይሆናል። ሴቶቹ ቡኒ ጎጆ አይፈልጉም። ደረቅ ሣር ጥንካሬውን ያጣል። ወንዱ ይህን ሲያይ የገዛ ጎጆውን ቋጠሮ በቋጠሮ ይፈታዋል፤ ያፈርሰዋል። እዚያው ቦታ ላይ እንደገና በአረንጓዴ ሣር ይጀምራል። በአንድ ወቅት ይህን ደጋግሞ ያደርጋል።

ተስፋ፣ ጥድፊያ፣ ውድቀት፣ እንደገና መነሣት፤ ድራማው ሙሉ ነው። መድረክ ላይ በማሲንቆ ቢታጀብ እንዲህ ይባባላሉ። እሱ፦

«ሣሩ ሳይጠወልግ ነይ ግቢ ከቤቴ፣
ነገ ቡኒ ሲሆን ከንቱ ነው ልፋቴ።»

እሷ ቋጠሮውን ሳብ ሳብ አድርጋ፦

«ጎጆህን አየሁት ቋጠሮው ላልቶበት፣
እኔስ እንቁላሌን ምን ብዬ ላኑርበት።»

ከዚህ ቀጥሎ ተመልካቹ ነው «ተቀበል» የሚለው። ቤት ፍለጋ የተንከራተተ ሰው በየጠረጴዛው አለ፤ ግጥም አይጠፋም።

ወፎች የሚያደርጉት ነገር ለምን ጭፈራ እንደሚመስለን ልጨምር። እንግሊዛዊው ጁሊያን ሀክስሌ በ1914 ስለ አንድ ጠላቂ የውሃ ወፍ ጥናት አወጣ። ወፉ በኢትዮጵያ ሐይቆችም ይገኛል። ጥንዶቹ ፊት ለፊት ሆነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ ሁለቱም ውሃ ውስጥ ይጠልቃሉ፤ አረም በምንቃራቸው ይዘው ይወጣሉ። ደረት ለደረት ገጥመው ውሃው ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ አረሙን እያወዛወዙ። አረም ለጎጆ መሥሪያ ነው። እዚያ ጊዜ ግን ጎጆ እየሠሩ አይደለም። ተራ የቤት ሥራ የነበረው እንቅስቃሴ ተጋንኖ፣ ተደጋግሞ፣ ከዓላማው ተላቆ ምልክት ሆኗል። ጎበዝ ኮሜዲያን የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ሻይ ማቅረብን፣ ወንበር መሳብን፣ ፀጉር ማስተካከልን ይወስዳል፤ ያጋንናል፤ ይደጋግማል። ስለዚህ ለመለማመድ የሚፈልግ ከክንፍ አይጀምር። ሰው ሲሽኮረመም ሳያውቀው ከሚያደርገው ትንሽ ነገር ይጀምር፤ ያንን እንደ ወፍ ያድርገው። በዚህ ላይ አጥብቄ ነው የምናገረው፤ ብዙ ጥሩ ሐሳብ በልብስ ብዛት ሲበላሽ አይቻለሁ።

ሌላም ልብ በሉ። በሀክስሌ ወፍ ዘንድ ወንዱም ሴቷም እኩል ይጨፍራሉ። ሁለቱም ልጅ ያሳድጋሉ፤ ሁለቱም ይመርጣሉ።

ጃካናም አለች። ሐይቃችን ዳር፣ በውሃ ላይ በተንሳፈፉ ቅጠሎች ላይ የምትራመደው፣ ጣቶቿ እጅግ የረዘሙት ወፍ። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች። ክልል የምትይዘው፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር የምትደባደበው እሷ ናት። ብዙ ባሎች ይኖሯታል። እንቁላል ጥላ ትሄዳለች። ወንዱ ይታቀፋል፤ ጫጩቶቹን ያሳድጋል። አደጋ ሲመጣ ክንፉ ሥር አቅፎ ይሸሻል፤ ከሥሩ የጫጩት እግሮች ተንጠልጥለው ይታያሉ። የትሪቨርስ መርህ እዚህ ይፈተናል፣ ያልፋልም፤ ለልጅ ብዙ የሚያወጣው ወንዱ ነው፤ ስለዚህ የሚፎካከሩት ሴቶቹ ናቸው። ይህን ክፍል ትርኢቱ ውስጥ መተው ስህተት ነው። ካልገባ ምሽቱ ሙሉ «ወንድ ይለምናል፣ ሴት ትኮራለች» ሆኖ ይቀራል። ወፎች ከዚያ ይሰፋሉ።

ሌሎቹን በፍጥነት ልጥቀስ። ጥቁርና ነጭ የሆነው ዓሣ አጥማጅ ወፍ ለሚወዳት ዓሣ ያቀርባል። ራሱ ሊበላ ሲል የዓሣውን ጭንቅላት ወደ ጉሮሮው ያዞራል፤ ሊሰጥ ሲል ጭንቅላቱን ወደ ውጭ ያደርጋል። ስለዚህ ገና ከሩቅ ለማን እንደያዘው ይታወቃል። ቆሮሶ ዓሣ በሚሸጥበት ከተማ ይህን ማስረዳት አይከብድም። የአባ ኮዳ ወንድ የጉሮሮውን ከረጢት ይነፋል፤ ምንቃሩን ያንቀጫቅጫል። ከሻሸመኔ አለፍ ብሎ አብያታ ሐይቅ ላይ የሚታዩት ፍላሚንጎዎች ደግሞ የቡድን ጭፈራ አላቸው። በመቶዎች ሆነው አንገት አቅንተው አንድ ላይ ይራመዳሉ፤ አንድ ላይ ይዞራሉ። ትልቁ ዝርያ የሆኑት ፍላሚንጎዎች ሜካፕም ይቀባሉ። ጭራቸው አጠገብ ካለ ዕጢ የሚወጣውን ቀለም ያለው ቅባት አንገታቸው ላይ ያሻሉ፤ ቅላታቸው ይደምቃል። ስፔን ውስጥ የተጠና ነው። የመጠናናቱ ወቅት ሲያልፍ ቅባቱን ይተዉታል።

ለሙዚቀኞች ደግሞ አንድ ልዩ ስጦታ አለ። በኢኳዶርና በኮሎምቢያ ተራሮች አንድ ትንሽ ወፍ በክንፉ ይዘፍናል። አንዱ ላባው እርከን እርከን አለው። ሌላው ላባ እየፋቀው ያልፋል። ክንፎቹን በሰከንድ ከ100 ጊዜ በላይ ያጋጫል፤ እንደ ክራር ክር የጠራ ድምፅ ይወጣል። ለዚህ ሲል የክንፉ አጥንት ከሌሎች ወፎች በተለየ ድፍን ሆኗል። ለማሲንቆ ተጫዋች ከዚህ የተሻለ የመግቢያ ታሪክ አላውቅም።

አሁን ከሁሉ ጥናት አብልጬ የምወደውን ልንገራችሁ። አውስትራሊያ ውስጥ ባወርበርድ የሚባል ወፍ አለ። ወንዱ ከጭራሮ ሁለት ትይዩ ግድግዳ ያቆማል። ፊት ለፊቱ ሰማያዊ ነገር ይደረድራል፦ ላባ፣ አበባ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ ስትሮ። አንዱ ከሌላው ይሰርቃል። ሴቷ መጥታ በግድግዳዎቹ መካከል ትቆማለች። እሱ ክንፉን ድንገት ይዘረጋል፤ ይጮኻል፤ ይሮጣል። ችግሩ ይህ ጭፈራ ኃይለኛ ነው። ሴቷን ያስበረግጋታል።

ጌይል ፓትሪሴሊ የተባለች ተመራማሪ ሴት ወፍ የሚመስል ሮቦት ሠራች። ሮቦቷ እንደ ሴት ወፍ ዝቅ ትላለች፤ በርገግ ትላለች። ፓትሪሴሊ ወንዶቹ ምን እንደሚያደርጉ አየች። አንዳንዶቹ ሮቦቷ ስትበረግግ ጭፈራቸውን ቀነስ ያደርጋሉ፤ ስትረጋጋ ይጨምራሉ። አንዳንዶቹ ግን ምንም ብትሆን ይጮኻሉ። ከእውነተኛ ሴቶች ጋር የተሻለ የቀናቸው የሚያዩትና የሚያስተካክሉት ናቸው። በ2002 የወጣ ጥናት ነው። ኃይለኛ መሆን ብቻ አልበቃም። እሱን እያየች ያለችውን ሴት ማየት ያስፈልጋል።

መድረክ ላይ የቆመ ሰው ይህን ያውቀዋል። ፊት ወንበር ላይ ያለችው ሴት እጇን አጣጥፋ ከተቀመጠች ድምፅ መጨመር አያዋጣም። ዝም ማለት፣ መጠበቅ፣ በትንሽ ነገር መመለስ ነው። የካባሬ ክፍል ጠባብ የሆነው ለዚህ ነው እላለሁ፤ ተዋናዩ ፊት ማንበብ እንዲችል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ከልቤ ነው። «ተፈጥሮ እንዲህ ነው፣ ሰውም እንዲህ ይሁን» የሚል ቀልድ አትጻፉ። ከወፍ የሰው ሕግ አይወጣም። ጃካናን ጠቅሶ አንዱ አንድ ነገር ያረጋግጣል፤ ሸማኔ ወፍን ጠቅሶ ሌላው ተቃራኒውን። ደግሞ ልታጠኗቸው ስትሄዱ ወደ ጎጆ አትጠጉ። የወፍ ድምፅ በስልክ ከፍታችሁ አታጫውቱላቸው፤ ተቀናቃኝ የመጣ መስሏቸው ጉልበታቸውን በከንቱ ያባክናሉ። በማለዳ ሂዱ፤ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ አንድ ወፍ ብቻ መርጣችሁ እሱን ተከታተሉ።

የመዝጊያውን ክፍል እኔ ብሠራው ለሸማኔ ወፍ እሰጠዋለሁ። ተዋናዩ ትኩስ ሣር ይዞ መድረክ ላይ ይሸምናል። መድረክ መሪዋ አስቀድማ ፈቃዷን የጠየቀቻትን አንዲት ተመልካች ትጋብዛለች። ተመልካቿ ቋጠሮውን ራሷ ትስባለች። ከያዘ ሠርግ ነው፤ ከላላ ያፈርሰዋል፤ እንደገና ይጀምራል። ማንም አስቀድሞ አያውቅም፤ ተዋናዩም ጭምር። ስለዚህ ሁለቱም መጨረሻ ዜማና ግጥም ይዘጋጅላቸው። እምቢ የሚባልበትን በደንብ ይለማመዱት፤ ሸማኔ ወፍ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው እዚያ ነው።